ኮላ ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ከእንጨት ቀስት ልትሠራ መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለእጀታው «ጠንካራ ኮላ ከየት ይገኛል?» እያልክ ሐዋሳን ስታስስ ግን ነገሩን ከጭራው እንደያዝከው ገባኝ።

እጀታ ተላቆ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ኮላው ደክሞ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው እንጨት እየተለመጠ ነው። ገመዱ ሲሳብ ክንዶቹ ይጎብጣሉ፣ ወፍራሙ እጀታ ግን ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ያን ጊዜ መጋጠሚያው ከጫፉ ይከፈታል። ይህን በየቀኑ የሚችል ኮላ አላየሁም። የእናቶቻችን የጥጥ መንደፊያ ደጋን ይህ ጣጣ የለበትም፤ አንድ ወጥ እንጨት ስለሆነ የሚላቀቅ ነገር የለውም። አንተ ግን መሃሉ ለመዳፍ የሚሞላ ቀስት አምሮሃል። እንግዲያው መሃሉን ከምር የማይለመጥ አድርገው።

ለክንዱ ጉጥ የሌለው፣ ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ወይራ ፈልግ፤ ችግሩ ቀጥ ያለውን ማግኘቱ ላይ ነው። ለእጀታው ከአናጺ ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ይበቃሃል። ዛፍ አታስቆርጥ፤ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ስሙ ተጠርቶ ተከልክሎ ነበር። ስለ እንጨት ጠባይ ጠለቅ ያለ ነገር ከፈለግህ ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ቅርብህ ነው። ብቻ እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ላይ የለጠፍከው በጋ ሲገባ እንጨቱ ሲኮማተር ይነሣብሃል።

የእጀታው ርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መሃሉ 10 ሳንቲ ሜትር መጨበጫ ነው፤ በግራና በቀኝ ያለው አምስት አምስት ደግሞ እየሳሳ ወደ ክንዱ ይገባል። እዚህ ላይ ልብ በል፤ የተለጠፈው እየሳሳ በሚሄድበት ቦታ የክንዱ እንጨት ራሱ እየወፈረ መምጣት አለበት። መለመጡ ከእጀታው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይቁም። ለማረጋገጥ ቀስቱን በትንሹ አስስብና በእጀታው ጫፍ አጠገብ ክንዱ ላይ አጭር ማስመሪያ አስደግፍ። በማስመሪያውና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ካየህ እየተለመጠ ነው። ያኔ ከእጀታው አጠገብ አትላግ፤ ከክንዱ አጋማሽ ወዲያ ቀንስለት፣ መለመጡ ወደዚያ ይሸሻል።

አሁን ወደ ኮላው። ሁለቱን ፊቶች ልገህ ግጠማቸውና ወደ ፀሐይ አዙረህ እይ፤ በመሃል ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ገና ነው። ወይራ ዘይታም ስለሆነ እንደላግከው በአልኮል ጠርገህ ሳይውል ሳያድር ለጥፈው። ነጭ ኮላ ጥብቅ ሞርሳ ይወዳል። ኢፖክሲን ግን አታስጨንቀው፤ ተጨምቆ ይወጣና እንጨቶቹ ደረቃቸውን ይቀራሉ። ኮላው ሲጠነክር፣ ምራን ሞፈርን ከቀንበር እንደሚያስር፣ በእርጥብ ጠፍር ጠምጥመው፤ ሲደርቅ ይጠብቃል። በጠፍሩ ተማምነህ ቀድሞ የነገርኩህን ብትዘልል ግን ከሥሩ መላቀቁ አይቀርም።

ሲያልቅ ያለ ፍላጻ ስበህ አትልቀቅ፤ ፍላጻው ሊወስደው የሚገባው ኃይል ተመልሶ ክንዶቹን ይሰብራል። ስትለማመድም ፍቅር ሐይቅ ዳር እንዳላይህ፣ ሰው አይጠፋበትም። አሞራ ገደል ያሉትን አባ ኮዳዎችም ተዋቸው። ከከተማው ወጣ ብለህ፣ ከዒላማው ጀርባ የአፈር ቁልል ያለበት ቦታ ፈልግ።