ተሽሯል ወይስ ተሳስቷል?

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ደስ የሚል ልማድ አላቸው። «ዳታቤዛችን ይሄ ይሁን»፣ «ሲስተሙን እንዲህ እንከፋፍለው» ብለው ሲወስኑ ከነምክንያቱ በአጭሩ ይመዘግቡታል። ማይክል ናይጋርድ በ2011 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቅርጽ አምስት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ ርዕስ፣ ደረጃ፣ የነበረው ሁኔታ፣ ውሳኔው፣ የሚያስከትለው ነገር። ናት ፕራይስ ደግሞ ይህንኑ በትእዛዝ የሚሠራ ኤዲአር ቱልስ የሚባል መሣሪያ አበጀ። ዘጠነኛውን ውሳኔ በአዲስ ተካልኝ ስትሉት አዲስ ቁጥር ያለው ፋይል ይከፍትና ዘጠነኛውን የሚተካ መሆኑን ይጽፍበታል። ዘጠነኛው ላይ ደግሞ የጸደቀ የሚለውን አንስቶ በየትኛው እንደተተካ ያመለክታል። የቀረው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል። ምንም አይሰረዝም።

የዚህን ትእዛዝ መመሪያ በአማርኛ ስጽፍ አንዲት ቃል ላይ ቆምኩ። «ሱፐርሲድድ» ምን ይባል? ነጋሪት ጋዜጣ «ተሽሯል» ይላል። ግን «ተሻረ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ሹም ሽርን ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምንል ሰዎች ነንና። «ተተክቷል» ለስለስ ይላል፤ ምናልባትም ከልክ በላይ።

ችግሩ የቃል ብቻ አልነበረም። መሣሪያው ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ማኅተም ያትማቸዋል፦ በጊዜው ትክክል የነበረና ሁኔታው የተቀየረበትን ውሳኔ፣ እንዲሁም መጀመሪያውኑ ትክክል ያልነበረን።

የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ውሰዱ። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት እንደምትችል፣ የቤተሰቡም ራስ ባል እንደሆነ ይደነግግ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው፣ ባልና ሚስትንም እኩል አደረጋቸው። በመዝገብ ቋንቋ አንዱ በሌላው ተተካ። እንዲህ ብሎ ማለፍ ግን ይበቃል? የ15 ዓመቷ ሙሽራ ጊዜው ያለፈበት ቴክኖሎጂ አይደለችም እኮ።

እዚህ ሆሳዕና ሆኖ ስለዚህ ላለማሰብ ይከብዳል። ከተማዋ የተተኩ ውሳኔዎች ክምር ናት። የዛሬ ስሟ የበዓል ስም ነው፤ የቀድሞዋ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲው ላይ ተመልሳ መጥታለች። ነሐሴ 2015 ላይ የደቡብ ክልል ቀርቶ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው እዚህ ሆነ። ማኅተም ተቀየረ፣ የደብዳቤ ራስ ተቀየረ፣ ታፔላ ተቀየረ። ይሄ ቀላሉ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የፊደሉ ጉዳይ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ሀዲይኛና ከምባትኛ ነበሩ፤ የሚጻፉትም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ለውጥ በኋላ ሁለቱም ወደ ላቲን ዞሩ። ምክንያት አልጠፋም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም (ገና እና ገናን አስቡ)፣ የአናባቢ መርዘምንም በቀላሉ አያሳይም፤ እነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ትርጉም ይቀይራሉ። ፖለቲካም ነበረበት፣ ማን ይክዳል? እኔ ውሳኔውን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በሚመቻቸው መንገድ ይማሩ።

ግን እስቲ ዱራሜ አካባቢ ያለች አንዲት አያት አስቡ። በዘመቻው ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ የገዛ ቋንቋዋን ማንበብ ተማረች። ዛሬ የልጅ ልጇ መጽሐፍ ያንኑ ቋንቋ ይዞ መጥቶ አንድ መስመር ማንበብ አትችልም። ልጁ «አያቴ ማንበብ አትችልም» ቢል አይፈረድበትም። እሷ ያደረገችው የተባለችውን ነው፤ ያውም በትክክል። የተሻረው ግን ውሳኔው ብቻ አይደለም፣ የእሷም ልፋት አብሮ ሄደ። ማን ነገራት?

የሞራል ጥያቄው እዚህ ይመስለኛል። ውሳኔን የመቀየር መብት አለን፤ ያለዚያ በሙታን ውሳኔ መኖር ነው። ሆኖም አሮጌውን አምኖ የሠራበት ሰው ሁለት ነገር ይገባዋል፦ ለምን እንደተቀየረ ማወቅ፣ እና የእሱ ሥራ ሞኝነት እንዳልነበረ የሚያሳይ መዝገብ። ፋይሉን ማጥፋት ሁለቱንም ይነጥቀዋል። በተቃራኒው ጥፋትን «ተተክቷል» ብሎ ማለፍ የተበደለውን ሰው ይነጥቃል። ስለዚህ ማኅተሙ ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱ መዝገብ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ «ሁኔታው ተቀየረ» ወይም «ተሳስተን ነበር» ብሎ መጻፍ አለበት። ይሄን ኮምፒውተር አይጽፍልንም። ሁለተኛውን ደግሞ ሰውም በቀላሉ አይጽፈውም፤ «ሁኔታው ተቀየረ» ማንንም አያስወቅስም፣ ስብሰባም አያስረዝምም።

መሣሪያው የራስን ቅርጽ ማስገባት ይፈቅዳል። ስለዚህ መመሪያው ላይ ስድስተኛ ርዕስ ጨመርኩ፦ «በአሮጌው ውሳኔ የሠሩ ሰዎችስ?» እስካሁን መዝገብ የከፈቱ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ቦታውን ባዶ ትተውታል። አንደኛዋ «እዚህ ጋ ምን ይጻፋል?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ነገ ሻይ ላይ እንነጋገርበታለን።