ሥጋችንን በአደራ ስለ መጠበቅ፦ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለሚሄዱ የቆቦና የራያ ቆላ ልጆቻችን



ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በሄደ ጊዜ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን እንደ ለመነ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል (1ነገ. 19)። እግዚአብሔር ለዚህ ተስፋ ለቈረጠ አገልጋዩ በመጀመሪያ የሰጠው ተግሣጽ አይደለም፤ ትምህርትም አይደለም። እንቅልፍ፣ በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ነው። መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰው፤ በመካከሉ ግን በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ እንዲተኛ ተወው። ነቢዩ አርባ ቀን ተጉዞ በኮሬብ ተራራ የጌታን ድምፅ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከአካባቢው ቀበሌዎች ወደ ወልድያም ሆነ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚሄዱ ልጆቻችን እያሰብን ነው። የራያ ቆላ ልጅ ሰውነቱን ያጸናው በስፖርት ሜዳ ሳይሆን በሥራ ነው። ውኃ ይቀዳል፤ ማሽላ ያርማል፤ ከብት ተከትሎ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ይወርዳል ይወጣል፤ ትምህርት ቤትም በእግሩ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በአረም ወቅት ይህን በአንድ ቀን የሚጨርስ ልጅ በቤታችን ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ከመኝታ ክፍል ወደ መማሪያ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ምግብ አዳራሽ ያለው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ሥራው ሲቀር ብርታቱም ሳይታወቅ እየቀረ ይሄዳል። ፈተና ሲቃረብም ሌሊቱ በጫት ይነጋል፤ ቀኑም በድካም ይመሻል። የልጁ አካል ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚያገለግለውን ልማድ የሚይዘው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት መሆኑን የሚነግረው ሰው ግን እምብዛም አያገኝም።

ስለ ልማድ ስናስብ አገራችን ራሷ ምሳሌ ትሰጠናለች። አቀንጭራን የማያውቅ የማሽላ ገበሬ በቆቦ ሜዳ የለም። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥም ብዙ ዓመት ተኝቶ መቈየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር በአፈር ውስጥ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ከዚያም ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ይመጠዋል፤ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ጉዳቱ በአብዛኛው ከምድር በታች ደርሷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ለገበሬዎቻችን የተለቀቁት ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች አቀንጭራን የሚቋቋሙት ያን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር ጥቂት ብቻ በማመንጨት ነው። አረሙን ታግለው አያሸንፉትም፤ አይቀሰቅሱትም እንጂ።

ቤተ ክርስቲያን ከኃጢአት ብቻ ሳይሆን ከኃጢአት ምክንያትም እንድንርቅ የምታስተምረው በዚሁ መንገድ ነው። ጫት ወደሚቃምበት ክፍል ማታ ማታ እየገባ “እኔ አልቅምም” የሚል ተማሪ በየቀኑ አዲስ ትግል ይገጥመዋል። በዚያ ሰዓት የሚያነብበትን ሌላ ቦታ አስቀድሞ የመረጠ ግን ትግሉ ሳይጀመር አልፎታል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ምግባረ ሠናይ የአንድ ቀን ቆራጥነት ሳይሆን በነፍስ የጸና መልካም ልማድ መሆኑን ያስተምራል።

ሥጋን መንከባከብ ለጥጋበኞች የሚተው ሥራ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ከሐዋርያው ጳውሎስ የተማርነው ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑንና የራሳችን እንዳልሆንን ነው (1ቆሮ. 6)። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2288-2290) ሕይወትና ጤና እግዚአብሔር በአደራ የሰጠን ውድ ስጦታ መሆናቸውን ያስገነዝባል፤ ወዲያውም ሥጋን እንደ ጣዖት ማምለክን ይነቅፋል፤ በምግብ፣ በመጠጥ፣ በትምባሆና በመድኃኒት ከልክ ማለፍንም ይከለክላል። ጾማችንም ከዚህ ጋር አይጋጭም። ነገር ግን አርፍዶ ተነሥቶ ቁርስን መዝለል ጾም ተብሎ ሊቈጠር አይገባም፤ ይህን የምንለው ሁለቱን የሚያምታቱ ተማሪዎች ስለ አሉ ነው።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? በእኛ አስተያየት ከሩጫ በፊት እንቅልፍ ይቀድማል፤ ለኤልያስም የቀደመው እርሱ ነውና። የመኝታና የመነሻ ሰዓቱን የወሰነ ተማሪ ለጸሎትም ለጥናትም ጊዜ ያገኛል። ቀጥሎ በየዕለቱ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ቢሆን 150 ደቂቃው ሞላ። በቆላ ሙቀት ማለዳ ይሻላል፤ ውኃም ጥም እስኪያስገድድ ሳይጠብቁ መጠጣት ያስፈልጋል። ጸጥታ ጠፍቶ ከግቢ መውጣት በማይቻልበት ቀን በክፍል ውስጥ መሥራት የሚቻል እንቅስቃሴ አይጠፋም። የወባ አጎበርም በዕረፍት ወራት ወደ ቤት ስትመለሱ የሚረሳ ነገር አይሁን።

እንቅልፍ የነሣቸው ግን ስንፍና ወይም ጫት ያልሆነም አሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦና በወልድያ ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ተዘርፎ ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። በዓይኑ ያየው ነገር ሌሊት የሚመለስበትን ወጣት “በርታ” ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። እንደዚህ ያለው ልጅ ሐኪምንም ካህንንም ያነጋግር፤ ወደ ሐኪም መሄዱ የእምነት ማነስ አይደለም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅድስናውን ያወጁለት ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ የቱሪን ከተማ የምህንድስና ተማሪ ነበር። ከባልንጀሮቹ ጋር ተራራ ይወጣል፤ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፤ ያንኑ ብርቱ እግሩን ይዞ የድኾችን ቤት ይጐበኛል፤ በየዕለቱም ቅዱስ ቁርባን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1925 በ24 ዓመቱ በፖሊዮ በሽታ ዐረፈ። ፒፓ ያጨስ እንደ ነበር ፎቶግራፎቹ ይመሰክራሉ፤ በዚህ ግን አትከተሉት። ሥጋው ብርቱ መሆኑ ከሞት አላዳነውም፤ ብርታቱን ለማን እንዳዋለው ግን የቱሪን ድኾች በቀብሩ ቀን በብዛት ወጥተው አሳይተዋል።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ስልክ ስትደውሉ የምትጠይቁት ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ገንዘብ ብቻ አይሁን። “ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ቁርስ በላሽ? ከማን ጋር ትራመዳለህ?” ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹም ለዕረፍት ሲመጡ “ተማሪ ነው፣ ይረፍ” ብላችሁ ከአረሙ አታስቀሯቸው።