ሁለቱ ወይፈኖች

ከሲሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ይኖር ነበር። ከአንገር ቆላ የሚነሣው የገንዲ በሽታ በአንድ ዓመት ሁለቱንም በሬዎቹን ጨረሰበት። ሌላ ጥማድ ለመግዛት አቅም አልነበረውምና ዶማ አነሣ። ዓመታት አለፉ፤ እጁ ዶማውን ለመደ። መሬቱንም በጣቱ ያውቀው ጀመር፤ የቱ ጋ ውሃ እንደሚቋጥር፣ የቱ ጋ ድንጋይ እንዳደፈጠ፣ የትኛው ጥግ ለአንጮቴ እንደሚመች። በበሬ ከሚያርሱት ጎረቤቶቹ ያነሰ ያመርታል፤ ዘር አልበቅል ሲላቸው ግን ምክር የሚጠይቁት እሱን ነበር።

አንድ ቀን ከወረዳ ሰዎች መጡና ሁለት ወይፈን ሰጡት። ምን የመሳሰሉ ወይፈኖች! አንገታቸው የደነደነ፣ ቆዳቸው የሚያብለጨልጭ፣ ቀንበር ግን አይተው የማያውቁ። ፈርሞ ተረከበ፤ ቢጠፉ ከፋዩ እሱ እንደሆነም ተነገረው። በሳምንቱ ለሥልጠና ከተማ ተጠራ። አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ለጥፎ፣ ይህ ሞፈር ነው፣ ይህ እርፍ ነው፣ ድግር የሚገባው በዚህ በኩል ነው ሲል ዋለ። አዳራሹ ውስጥ አንድም በሬ አልነበረም። ገበሬው ምሳውን በላ፣ አበሉን ተቀበለ፣ የምስክር ወረቀቱን በጉያው ይዞ ተመለሰ።

ወይፈኖቹን ምን አደረጋቸው? በረት ሠራላቸው። አበላቸው፣ አጠጣቸው፣ ገላቸውን አሻሸ። እንግዳ ሲመጣ አውጥቶ ያሳያል። ለቁጥጥር የሚመጣው የወረዳ ሰው ደግሞ ይቆጥራቸውና “ሁለት፤ አሉ” ብሎ መዝገቡ ላይ አስፍሮ ይሄዳል። ያርሱ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ መዝገቡ ላይ አልነበረም። ሰውየው ራቅ ሲል ገበሬው በረቱን ይዘጋና ዶማውን ይዞ ወደ ማሳው ይወርዳል።

ሰነፍ ነበር እንዳትሉኝ። ፈርቶ ነው፤ የፈራው ደግሞ ወይፈኖቹን ሳይሆን የሰው ዓይን ነው። ማሳው መንገድ ዳር ስለሆነ ገበያ ወጪውም ገቢውም ያየዋል። ይህን ያህል ዘመን መሬት ያውቃል ሲባል የኖረ ሰው፣ ወይፈን ጎትቶ ጭቃ ላይ ሲዘረጋው መሣቂያ መሆኑ ነው። የባሰበት ግን እረኛው ልጅ ነበር። ወይፈኖቹ በመጡ በሦስተኛው ቀን አንዱ ላይ ተቀምጦ ሲጋልብ ተገኘ። ሲያፏጭ ይከተሉታል፤ ጆሯቸውን ሲያክላቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ገበሬው ይህን ባየ ቁጥር በራሱ ዓይን እያነሰ ሄደ።

ልጁም አንድ ቀን ሳያስፈቅድ ቀንበር ጫነባቸውና ወጣ። ሄዱለት፤ የሄዱት ግን ወደፈለጉበት ነው። የጎመኑን መደብ አቋርጠው፣ ውሃ የሚቋጥረውን ረባዳ ገምሰው፣ ማረሻውን ድንጋይ ላይ ሰብረው ቆሙ። ልጁ ከብት ያውቃል እንጂ መሬቱን አያውቅም።

ጎረቤቱ የሆኑ አንድ ሽማግሌ መጥተው ጉዳቱን ዞረው አዩ። አልተቆጡም።

“ነገ ማለዳ የኔን አሮጌ በሬ እልክልሃለሁ” አሉት። “ከአንዱ ወይፈን ጋር ጥመደው። ሌላው ይቆይ።”

“የት ልረስ፣ አባቴ?”

“ከቤትህ ጀርባ፣ በቆሎው ከተነሣበት። እዚያ የሚበላሽ የለም፤ የሚያይህም የለም።”

“ልጁንስ ምን ላድርገው?”

“ከፊት ሆኖ ገመዱን ይያዝ። እርፉን ያዝ አንተ።”

በመጀመሪያው ማለዳ ትልሙ ሁሉ ተጣመመ። ወይፈኑ ወደ ግራ ባፈነገጠ ቁጥር አሮጌው በሬ በአንገቱ ክብደት ይመልሰዋል። ገበሬው ፈርቶ እርፉን አጥብቆ ስለተጫነው ማረሻው መሬት ውስጥ ተቀበረ፤ በሬዎቹም ቆሙ። ልጁ ዞር ብሎ “ቀለል ያድርጉት፣ ጋሼ” አለ። ነገሩ ከልጅ አፍ ሲሰሙት ይመራል። ቢሆንም ቀለል አደረገው፤ ማረሻው ብቅ አለና ጉዞው ቀጠለ። ጥቂት እንደሄዱ ገበሬው በተራው “አቁም! እዚህ ጋ ከሥር ድንጋይ አለ” አለ። ከላይ ምንም አይታይም። በዶማ ቢቆፍሩ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ ገበሬውን በሌላ ዓይን ያየው ጀመር፤ ገበሬውም ራሱን።

ሲሰነብት የሽማግሌው በሬ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሁለቱ ወይፈኖች አብረው ተጠመዱ። ገበሬው መንገድ ዳር ያለውን ማሳ በጠራራ ፀሐይ አረሰ። ትልሙ እንደ ጎረቤቶቹ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ የሣቀም አልጠፋም። ለአንጮቴው መደብ ግን ዶማውን አልጣለም። ወይፈን አንጮቴ መሐል ገብቶ ምን ሊሠራ? በወሩ የወረዳው ሰው መጣ። ወይፈኖቹ ጭቃ በጭቃ ሆነዋል፤ የአንዱን ትከሻ ቀንበር ልጦታል። ደንግጦ መዝገቡን አወጣና “ጉዳት ደርሶባቸዋል” ብሎ ጻፈ።

ሲሬም ሆነ ነቀምቴ ኦ ክፍል ለምታስተምር መምህርት ይህን ምሳሌ መፍታት ድፍረት ነው። ለትምህርት ቤቷ የተሰጠው ታብሌት ላስቲኩ ሳይላጥ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍበትን ምክንያት ከኔ በላይ ታውቀዋለች። እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ በእንግሊዝኛ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ ክፍለ ጊዜውን ይይዘው ነበር። ለመምህሩ የተረፈው በመግቢያና በመውጫ ጥቂት ደቂቃ ነው። ተማሪው ካልገባው ማስቆም፣ ወደኋላ መመለስ የለም። በምሳሌው ቋንቋ፣ እርፉን የያዘ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት ያለ መምህር ታደለ፤ ለአዋቂዎቹ የተነገራቸው በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ነው። ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ያዙ፣ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱ። ዓለም ይህን ሲሰማ ተደነቀ። እኔም ልጆቹን አደንቃለሁ፤ ሙከራው ውስጥ ለመምህር ቦታ መጥፋቱን ግን አልወደውም። እረኛው ልጅም እኮ በሦስተኛው ቀን ጋልቧል።

ከቤት ጀርባ ያለው መሬት ለመምህርቷ ምን ሊሆን ይችላል? ልጆቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ስልክ የማይፈራ አንድ ባልደረባ አጠገቧ ተቀምጦ፣ በራሷ ስልክ የምትሠራው አንድ ትንሽ ነገር። ብዙዎቹ አፕሊኬሽኖች የልጆቹን ቋንቋ አይናገሩም፤ እሷ ግን አፋን ኦሮሞውን ከነሂቦው (ከነእንቆቅልሹ)፣ ከነተረቱ፣ ከነዘፈኑ ይዛዋለች። አንድ ሂቦ በድምፅዋ ትቅዳ። መልሱን በሥዕል አድርጋ ታስቀምጠው። ድምፁ ቢቆራረጥ ትሰርዘውና እንደገና ትቅዳው፤ የሰማት የለም። በማግሥቱ መብራት ቢጠፋ ስልኩ ባትሪ አለው፤ ባትሪውም ቢያልቅ ሂቦው አፏ ላይ ነው። ስልኩ ዝም ያለ ቀን ትምህርቷ የማይቆም መምህርት፣ ታብሌቱ ሲጠፋና ሲበራ እጇ የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት እየጠፋ ይሄዳል።

በዚህ መንገድ የሄደች ሰው አገሪቱ አፍርታለች። ብሩክታዊት ጥጋቡ አዲስ አበባ ውስጥ የትንንሽ ልጆች መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ጋር ቤታቸው ውስጥ ከካልሲ ቀጭኔ ሠርተው ጀመሩና “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለው የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በቴሌቪዥን ታየ፤ በ2008 ደግሞ የጃፓን ሽልማትን አገኘ። ካሜራውና ኮምፒዩተሩ አዲስ ይሁኑ እንጂ፣ የስድስት ዓመት ልጅ በምን እንደሚሥቅና መቼ እንደሚሰለች ክፍል ውስጥ ቆማ የተማረችው ነው።

ወለጋ ውስጥ ነገሩ ከዚህም ወደኋላ ይሄዳል። በዘመኑ ለአፋን ኦሮሞ እንግዳ የነበረው መሣሪያ ማተሚያ ነው። አስቴር ገኖ ከባርነት ነፃ ወጥታ ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ስታድግ፣ በቃሏ የያዘቻቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች በወረቀት አሰፈረች፤ ቁጥራቸው 500 ያህል ነበር። አብሯት ይሠራ ከነበረው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ከፊሉ ከዚያ ስብስብ የወጣ ነው። የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ አስቴርም ነቀምቴ ላይ አስተማረች።