ያልታየውን ስለማወቅ

ከአዲስ አበባው ሳሪስ ሆነን ወደ ሰማይ ብናንጋጥጥ፣ የከተማው መብራት ባይጋርደን እንኳ፣ ኤኢ አኳሪ የተባለው ኮከብ ለዓይናችን አይታይም። በእንጦጦ ባሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ቢሆን አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ናት። ሆኖም የሥነ ፈለክ ሰዎች ነጥቧ በ10 ሰዓት ገደማ አንዴ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ከዋክብት እንደሆነች፣ አንደኛውም፣ ነጭ ድንክ የሚባለው የኮከብ ቅሪት፣ በ33 ሴኮንድ አንዴ በዛቢያው እንደሚሽከረከር ይናገራሉ። ማንም ያላየውን እንዲህ ማወቅ ይቻላል? እኔ ይቻላል እላለሁ። ማስረጃው በ1979 እ.ኤ.አ. የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆሴፍ ፓተርሰን ይፋ ያደረገው የብርሃን ትርታ ነው፤ ከነጥቧ የሚታየው ድንገተኛ ብልጭታ በፈለገው ጊዜ ይነሣል፣ ትርታው ግን ከነጭ ድንኩ ሽክርክሪት ጋር በየ33 ሴኮንዱ ሰዓቱን ጠብቆ ይመለሳል።

«ይህ ግምት እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ ስለማይታየው መናገር የእምነት ድርሻ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ግምት ራሱን ለፈተና አያቀርብም፣ ይህኛው ግን አቅርቧል። ያው የ33 ሴኮንድ ትርታ በኤክስሬይም ተገኝቷል። እምነትም በዚህ የሚጎድልበት አይታየኝም፤ አማኝ ፍጥረት ሥርዓት አለው ሲል የኖረው ይህንኑ ነውና። ብልጭታውን በትክክል የሚያስነሣው ምን እንደሆነ ግን ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ የነጭ ድንኩ መግነጢሳዊ ኃይል ከጓደኛው የሚፈስሰውን ጋዝ ወደ ውጭ ሲወረውረው የሚፈጠር ነው ይላሉ።