ልክን ማወቅና ልክን መለካት

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የገበያ ጥያቄ ነው። በመካነ ሰላም የጎረቤታችን ልጅ የሆነች አንዲት ወጣት ሯጭ አለች። ታላቅ እኅቷ በጅዳ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ባለፈው ክረምት ይህች ታላቅ እኅት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ «ጋሼ፣ ለእኅቴ ያንን ሯጮች የሚያስሩትን ሰዓት ልገዛላት አስቤአለሁ። ዓይነቱ ግን በዛብኝ። እርስዎ መምህር ነበሩና የቱ እንደሚሻል ይንገሩኝ» የሚል። ከመልእክቱ ጋር የአምስት ሰዓቶች ሥዕልና ዋጋ ተያይዞ ነበር። ከሁሉ የሚረክሰው የአንድ ወር ደመወዟን ያህል ያስወጣል፤ ከሁሉ የሚወደደው የአራት ወሩን።

ጥያቄው ለባለ ሱቅ እንጂ ለጡረተኛ መምህር የሚቀርብ አይመስልም ነበር። ሆኖም መልስ ለመስጠት ስቀመጥ፣ ስለ ሰዓቱ ከማሰቤ በፊት ስለ ልክ ማሰብ እንዳለብኝ ተረዳሁ። በቋንቋችን «ልክ» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል። የቁመት፣ የስፋትና የክብደት ስፍር ልክ ይባላል፤ እውነትና ተገቢ የሆነውንም ነገር «ልክ ነው» እንለዋለን። «ልኩን የሚያውቅ ሰው» ስንል ግን ከእነዚህ ከሁለቱም የተለየ ነገር ማለታችን ነው፤ ይኸውም እስከ ምን ድረስ መሄድ እንደሚችልና የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ልክ የሚሰጥ መሣሪያ ሦስተኛውንም አብሮ ይሰጣል ወይ? የጥያቄው እምብርት ይህ ነው።

አባቶቻችን ቀኑን የሚያውቁት የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየሰፈሩ ነበር። መንገድንም «የግማሽ ቀን መንገድ» ሲሉ ይለኩት ነበር፤ በዚህ አባባል ውስጥ ዳገቱም፣ ጭቃውም፣ የተጓዡ ጉልበትም አብረው ተሰፍረዋል። ኪሎ ሜትር ግን ተጓዡን ማንነቱን አይጠይቀውም፤ በሜዳም በገደልም አንድ ነው። የፊተኛው ስፍር ጉድለት እንደነበረው አልክድም። «እዚህችው ናት» ያለንን ገበሬ አምነን ጀምበር እስክትጠልቅ ያልተጓዝን የወሎ ሰዎች ካለን ጥቂቶች ነን።

ይህ ሰዓት ቦታን የሚያውቀው በጊዜ አማካይነት ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች የተላከበትን ቅጽበት የያዘ ምልክት ይልካሉ፤ ምልክቱ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአንድ ሰኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይፈጅበትም። ሰዓቱ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ተቀብሎ ሒሳቡን ይሠራል። የሰኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያሳስታል። መሣሪያው የሚቀበል እንጂ የሚልክ ስላልሆነ የስልክ መረብ በሌለበት ስፍራም ይሠራል፤ ይህንንም የምጠቅሰው መረቡ በጠፋ ጊዜ ሰዓቱ ከንቱ የሚሆን የሚመስላቸው ብዙዎች ስላሉ ነው።

ጂፒኤስ በመጀመሪያ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሣሪያ ነበር። በነሐሴ 1975 ዓ.ም. አንድ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ በሶቪየት ኅብረት ተዋጊ አውሮፕላን ከተመታና የተሳፈሩት ሁሉ ከሞቱ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ምልክቱ ለሰላማዊ አገልግሎትም እንደሚከፈት ቃል ገቡ። ይሁን እንጂ እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር፤ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በገበያችን ሁለት ቁና የያዘ፣ በአንዱ የሚገዛና በሌላው የሚሸጥ ነጋዴ እናውቃለን። ስፍሩ በእጁ ያለ ሰው ስፍሩን ማጉደል እንደሚችል ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም።

ወደ አገራችን መልክዐ ምድር እንመለስ። የእኛ ወጣት የምትሮጠው ከከተማው ወጥታ ወደ ደንቆሮ ጫካ በሚወስደው አቅጣጫ ነው፤ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ወደሚባለው፣ አስታና ጅብራ ወደሚበቅልበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ወደሚታይበት ደጋ። በሌላ ቀን ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ትወርድና ዳገቱን ትመለሳለች። በገደል ሥር የሳተላይቱ ምልክት ከቋጥኝ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ ሰዓቱ ያልሮጠችውን መንገድ ሊቆጥርላት ይችላል። በሁለት ሞገድ የሚቀበሉ አዳዲስ ሰዓቶች ይህን ስሕተት ብዙ ይቀንሱታል። ከፍታን ደግሞ ከሳተላይቱ ይልቅ የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ሰዓት የተሻለ ያውቃል፤ ነገር ግን ደመና ሲመጣና ግፊቱ ሲለዋወጥ ስለሚሳሳት፣ ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ላይ አልፎ አልፎ ማስተካከል ያሻል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ባትሪው ብዙ ቀን የሚቆይ ይሁን። በዝናብና በብርድ ጣት የማይታዘዝ የንክኪ መስተዋት ብቻ ያለው ሳይሆን ቁልፎች ያሉት ይሁን። ዘፈን የሚያጫውተው፣ ገንዘብ የሚከፍለው፣ ባለ ቀለም ካርታ የሚያሳየው ሁሉ ለእርሷ አያስፈልጋትም። ስለ ዕቃው የምለው ይህን ያህል ነው።

የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ከመለካት አልፎ መፍረድ የጀመረ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ሰዓቶች ከፍጥነትና ከልብ ትርታ ተነሥተው የሯጩን አቅም በቁጥር ይገምታሉ፤ አንዳንዶቹም ከልምምዱ በኋላ ውጤት የሌለው ሥልጠና መሆኑን የሚገልጽ ቃል ያወጣሉ። በመካነ ሰላም ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። በዚያ አየር ውስጥ ዳገት የወጣች ልጅ ቀርፋፋ መስላ ብትታይ የሚያስደንቅ አይደለም። ከፍታን በሒሳብ ውስጥ የሚያስገቡ ሰዓቶችም አሉ፤ ቢሆንም የትርታው መለኪያ ራሱ በብርድና ማሰሪያው በላላ ጊዜ ይስታል። ሰዓቱ ሌሊት ስለ ታመመች እናቷ ስትል እንቅልፍ ማጣቷን አያውቅም። ወጣቶችን የምታስተምሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ አንድ ልጅ «ፍሬ የለህም» የሚል ቃል በየማለዳው ቢሰማ ቃሉ ከእጁ አንጓ ወደ ልቡ መግባቱ አይቀርም። ስሕተትን የሚናገር መሣሪያና ሰውን የሚዳኝ መሣሪያ አንድ አይደሉም።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የአበበ ቢቂላን ነገር ያነሣሉ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። ከውድድሩ በፊት የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠብቅ፣ ቁጥሩም 26 መሆኑ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለብሶ ቀረበ። አበበ ከ185 ጋር ትከሻ ለትከሻ እየሮጠ ዓይኑ 26ን ይፈልግ ነበር ይባላል። በመጨረሻም ያኔ በሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ አመለጠው። ቁጥሩ ተሳስቶ ነበር፤ ሰውየው ስለ ገዛ ጉልበቱ የነበረው ዕውቀት ግን አልተሳሳተም።

ይሁንና ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ «ጀግኖቻችን ያለ መለኪያ አሸነፉ» ማለት ራስን ማታለል ነው። አበበ አሠልጣኝ ነበረው፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሥልጠናውን በዕቅድ ይመራለት ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ለተሰንበት ግደይ በቫሌንሲያ የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሰኮንድ ስታሻሽል፣ በመሮጫው ዳር ፍጥነቱን የሚያመለክቱ መብራቶች ይበሩላት ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ቀነኒሳ በቀለ በበርሊን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰኮንድ ሲገባ ከክብረ ወሰኑ የለየው 2 ሰኮንድ ብቻ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ልኬት ጌጥ አይደለም። ስለዚህ የገጠር ልጅ «ተፈጥሮሽ ይበቃሻል» ተብላ መሣሪያው ቢነፈጋት፣ ምክሩ ያማረ ቢመስልም ፍርደ ገምድል ነው፤ በመሣሪያ የሚሠለጥነውን ሰው ነውና ነገ የምትገጥመው።

ከስዊድን የመጣ ኦሪየንቲሪንግ የሚባል ሌላ የሩጫ ዓይነት አለ፤ ተወዳዳሪው ካርታና ኮምፓስ ብቻ ይዞ በጫካ ውስጥ የተተከሉ ምልክቶችን እየፈለገ ይሮጣል። በአገራችን ብዙ አልተለመደም፤ የደንቆሮን ጓሳ ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል። የዓለም አቀፉ ማኅበር ደንብ ካርታ የማያሳይ የሳተላይት ሰዓት ማሰርን ይፈቅዳል፤ መንገድ ለመፈለግ በእርሱ መጠቀምን ግን ይከለክላል። ጫካ ውስጥ ዳኛ የለም። መልሱ በእጁ አንጓ ላይ ታስሮ ሳለ ላለማየት የሚወስን ሰው ነው ደንቡን የሚጠብቀው። ይህ ደንብ ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከብዙ ጥብቅ ደንቦች ይልቅ ሰውን የሚያከብር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሰዓቱ የሮጡበትን መንገድ ይመዘግባል፤ መዝገቡንም በስልክ ለዓለም ማሳየት ይቻላል። በጥር 2010 ዓ.ም. ስትራቫ የተባለው ድርጅት ያወጣው የሯጮች ካርታ በጦርነት አገሮች ያሉ የወታደር ሰፈሮችን ሳይቀር ማጋለጡ ታውቋል። አንዲት ወጣት ሴት በየማለዳው ብቻዋን የምትሄድበት መንገድና ሰዓት የማንም ሰው ንባብ መሆን የለበትም። ስለዚህ መዝገቡ ለእርሷና ለአሠልጣኟ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ይዘጋ።

ለጅዳዋ ልጅ የጻፍኩት መልስ ከዚህ ያጠረ ነበር። በዋጋ ከታች ሁለተኛውን መረጥኩላት፤ ቀሪውን ገንዘብ ለጫማና ለእርሷ ለራሷ እንድታደርገው መከርኳት። የድካሟን ወራት ቆጥሬ የመከርኩ መስሎኝ ነበር። እርሷም እንዲህ መለሰችልኝ፦ «ጋሼ፣ ለእኔ አዝነው ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን እዚህ የምሠራው ሥራ ማንም አይቶ የሚያመሰግነው አይደለም። እኅቴ ስትሮጥ የእኔ ነገር በእጇ ላይ እንዲኖር ነው የፈለግሁት።» የሷን ስጦታ በእኔ ቁና እንደ ሰፈርኩባት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የምትሰጠው ሰው ስለ ስጦታዋ መጠን ከእኔ ይልቅ ታውቃለች፤ ለመምከር የተጠየቅሁት ስለ ሰዓቱ እንጂ ስለ ልቧ አልነበረም።

በመጨረሻ የገዛችው መካከለኛውን ሆነ። ምክንያቱን ብጠይቃት «ሰማያዊ ቀለሙን ወድጄው ነው» አለችኝ።

ሰዓቱ በኅዳር ወር ደረሰ። ታናሺቱ በመጀመሪያ ያደረገችው በአገራችን አቆጣጠር እንዲነግራት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ነበር። በማግስቱ ገና ሜዳው ላይ ቆማ ሳተላይቶቹን ሲያገኝ፣ ሰዓቱ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን አስተካከለ፤ ጎሕ ሲቀድ 12 ማለት ሲገባው 6 አለ። ሁለት ጊዜ መለሰችው፤ ሁለት ጊዜ አፈረሰባት። አሁን ትታዋለች። ከሩጫ ስትመለስ በደጄ ስታልፍ «ስንት ሰዓት ሆነ ልጄ?» እላታለሁ፤ እጇን አየት ታደርግና ስድስት ቀንሳ «አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ጋሼ» ትለኛለች።