ትዳርና ተመን

የብሪታንያ ዜጋ የሆነች ሴት ባሕር ማዶ ትዳር መሥርታ ልጆች ካፈራች በኋላ ወደ አገሯ ልመለስ ብትል የሚከለክላት የለም። ባሏን በትዳር ቪዛ ይዛ ለመግባት ስትነሣ ግን የጥያቄው መልክ ይለወጣል፤ ገቢዋ ይመዘናል። መመዘኛው እ.ኤ.አ. በ2012 በዓመት 18,600 ፓውንድ ነበር፤ በ2024 ወደ 29,000 ከፍ አለ።

መንግሥት የሚያቀርበው ምክንያት ቤተሰቡ በሕዝብ ሀብት ላይ ሸክም እንዳይሆን የሚል ነው። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ የጋራ ማዕድ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ በዚያው በ2024 በሕግ በተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው ከዚህ ልክ አይደርስም ነበር። አረጋውያንን የምትንከባከብ ሠራተኛ የአገሯን ልጅ ብታገባ፣ በዚህ ደመወዝ እንዴት ጎጆ ትመሠርቻለሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ መጠየቁም ነውር በሆነ ነበር። እንግዲህ የሚመዘነው ድህነቷ ነው ወይስ የባሏ ባዕድነት? ባልየው በአገሩ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ በመጀመሪያው ማመልከቻ አይቆጠርም። ልጅ በማሳደግ ያለፉት ዓመታትማ ከነጭራሹ ተመን የላቸውም።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 መመዘኛውን በመርሕ ደረጃ ሲያጸድቅ፣ ደንቡ ለልጆች ደኅንነት ተገቢውን ግምት አልሰጠም ሲል ነቅፏል። የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ የእናቱን ዜግነት የወረሰ ሕፃን የወላጆቹን ደመወዝ አልመረጠምና። በዚያው ዓመት ደንቡ ተሻሽሎ፣ እምቢታው ከልክ ያለፈ ጉዳት በሚያስከትልበት ጊዜ ሌላ የገቢ ምንጭ እንዲታይ ተፈቀደ፤ ጉዳቱን የማስረዳት ዕዳ ግን በቤተሰቡ ላይ ቀረ።