ፎቶግራፉ የማን ነው?

አጎቴ ብቸና ውስጥ ፎቶ ቤት አላቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማው ወጣ ብለው ጤፍ ሲያጭድ ያገኙትን አንድ ገበሬ አነሡና፣ ስማቸውን ከግርጌው ጽፈው በቴሌግራም ለቀቁት። በዓመቱ ያው ገበሬ ማጭዱን እንደ ጨበጠ አንድ ድርጅት ባሳተመው የግድግዳ ካላንደር ላይ ብቅ አለ። የአጎቴ ስም ተቆርጦ ወድቋል፤ የጠየቃቸውም የከፈላቸውም የለም። «ሌባ ሁሉ!» እያሉ ነደዱ። እኔም አብሬ ነደድኩ፤ ግን አፌ አላርፍ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ሰውየውን አስፈቅደውት ነበር?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሕጉን እንየው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን የአንሺው ሥራ ያደርገዋል። (ጥበቃው ግን ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው፤ ለደራሲ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ሲሰጠው! ካሜራ ብዕርን አያህልም ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።) ለግል ጉዳይ አንድ ቅጅ ማውጣት፣ የባለቤቱን ስም ጠርቶ በልኩ መጥቀስ፣ ለትምህርት መጠቀም ይፈቀዳል። ካላንደር አሳትሞ ማደል ከነዚህ ከአንዱም አይገባም። አጎቴ ተበድለዋል፤ ክርክር የለውም።

ነገር ግን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለመልኩ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታወቀ ሰው፣ ለሹም፣ በአደባባይ ለተደረገ ነገርና ለመሳሰለው በር ይከፍታል። በገዛ ማሳው ጎንበስ ብሎ የሚያጭድ ሰው ግን የትኛው አደባባይ ላይ ነው? በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ስለ አራሹ መልክ ያሉት ነገር የለም፤ ጊዜውም አልነበረም። በዚያ ካላንደር የተዘረፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የጮኸው ግን አንዱ ብቻ ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ማንም ምንም አያንሣ!» የሚል ይኖራል። ለእሱ የሚሆን ነገር ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ አለ። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ቀረ። ሰዎች በገመድ ታስረው እየተጎተቱ ይሻገሩበት ነበር። ኔቫዳ ዊየር የምትባል አሜሪካዊት ይህን አነሣች፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔትም አወጣው። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ፎቶውን አይቶ አላስችል አለው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ድልድዩ ተጠገነ። ያንንም ጎርፍ ሲወስደው፣ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተተካ።

ታዲያ ባይነሣ ይሻል ነበር? እኔስ አልልም። ገመዱ ላይ ላለው ሰው ቢያንስ የሚረግጠው ነገር ተመልሶለታል፤ ከካላንደሩ ግን ለአጫጁ የተመለሰ ምን አለ? ሆኖም የአንሺዋን፣ የመጽሔቱን፣ የጠጋኙን ስም እነሆ ጻፍኩላችሁ። የተሻጋሪውን ስም ግን የትም አላየሁም።

ድሮ ኔጋቲቩ በአጎቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ቅጅ የፈለገ መጥቶ ደጃቸውን ያንኳኳል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ዛሬ አንድ ጣት ይበቃል፤ ማንም ማንን ሳያይ ሺህ ቦታ ይደርሳል። ለዚህ ነው ያለ ፈቃድ መጠቀም እስከ የት ድረስ ልክ ነው የሚለውን ነገር ከካሜራው ጀርባ ብቻ ቆመን ልንዳኘው አይገባም የምለው።

አጎቴ ካላንደሩን ያሳተመውን የመክሰስ ሐሳባቸውን አልተዉም። ግን የገበሬውን ፎቶ በትንሹ አጥበው ኪሳቸው ከተው፣ በገበያ ቀን «ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። «መጀመሪያ እሱን ላግኘው» ይላሉ።